ጫካ ጫፍ፦ ተረጋግጧል

ቴፒ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ሸዋንግዛው፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። በሚኒባስ ሹፌሩ በባየ እጅ የላኩልኝ ወረቀት ደርሶኛል። ሚኒባሱ ውስጥ ውሃ ነክቶት ቀለሙ ትንሽ ፈስሷል፤ ቢሆንም ተነቧል።

«ማን ነሽ? ያንን ገጽ እንደገና አስነሺው ያለሽስ ማነው?» ብለው ስለጠየቁኝ ከዚያ ልጀምር። ሐያት ሰይፈዲን እባላለሁ። አባቴ መናኸሪያው አጠገብ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጠው ሰይፈዲን ነው፤ «ሸዋንግዛው ያውቀኛል» ብሎኛል። ጅማ ኮምፒውተር ተምሬ ዘንድሮ ነው የተመለስኩት። የቡና ገበሬዎች ማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ቲቶ እርስዎ የሠሩትን የዝናብ ማስጠንቀቂያ ገጽ እንዳስነሣ ቀጥረውኛል። ክረምቱ ከብዷል፤ ዳገት ሰፈር ያሉት ሰዎች ተራራው ከበላያቸው ስለሆነ ፈርተዋል። ገጹ ቢሠራ ቢሮው መስኮት ላይ ባለው ስክሪን ሁሉም ያየዋል።

ችግሬ ይሄ ነው። የኔትወርኩን ማማ መብረቅ መትቶት ከተማው በሙሉ ስልክም ኢንተርኔትም የለውም። ኮድዎ ላፕቶፑ ላይ አለ፤ አብረውት የሚሠሩት ፓኬጆች ግን የሉም። ጫን ስለው ከኢንተርኔት ሊያወርድ ይሞክርና ይቆማል። ኮዱን የሚያስኬደው ኖድ የሚባለው ፕሮግራምም ያለኝ አዲሱ ስለሆነ የእርስዎን ኮድ አልቀበልም ይላል። ሚዛን ኢንተርኔት ስላለ አንድ ባዶ ፍላሽ ለባየ ሰጥቼዋለሁ። የሚያስፈልገውን ሁሉ ቢጭኑልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

በማላውቀው ሰው ላይ ይህን ያህል ሸክም ስለጫንኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባለቤትዎንና ቤተሰብዎን በሙሉ ሰላም ይበሉልኝ።

አክባሪዎ ሐያት

•

ሚዛን ተፈሪ፣ ሐምሌ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሐያት፤

ጤና ይስጥልኝ። አባትሽን በደንብ አውቀዋለሁ፤ የቤቴን ጣሪያ የከደንኩት ከእሱ በገዛሁት ቆርቆሮ ነበር። ሰላም በይልኝ። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ፍላሽሽ ሱቄ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እያየሁት ሰነበትኩ።

አሁን ሁሉም ተጭኗል። መጀመሪያ አዲሱን ኖድ አጥፊና ፍላሹ ላይ ያለውን አሮጌውን ጫኚ። ከዚያ ኮዱ ውስጥ ፓኬጆቹ የሚቀመጡበትን ፎልደር እንዳለ ሰርዢው። ግማሹ ወርዶ ግማሹ የቀረ ከሆነ ያሳብድሻል። በቦታው የእኔን የፓኬጆች ፎልደር አስገቢ፤ የገጹንም ኮድ በላክሁልሽ ቅጂ ተኪው። ላፕቶፑ ኢንተርኔት ቢፈልግ አትስሚው።

ፍላሹ ላይ በለጠፍሽው ብጣሽ ወረቀት ገጹ እንዴት እንደሚሠራ ጠይቀሻል። እያንዳንዱ የዝናብ መለኪያ ጣቢያ በገጹ ላይ አንድ ካርድ አለው። ካርዱ ዌብ ኮምፖነንት ነው፤ ማለትም እኔ ስም አውጥቼለት ብራውዘሩ ስሙን ሲያይ የሚሥለው ዕቃ ነው። ስሙ የሚመዘገበው አንዴ ብቻ ነው። መለኪያዎቹ ቢሮው ጣሪያ ላይ ወዳለው አንቴና በሬድዮ ነው ቁጥር የሚልኩት፤ ኔትወርክ አያስፈልጋቸውም። ግን ቁጥር ብቻውን አይታመንም፤ ቅጠል ይደፍነዋል፣ ጦጣ ይጫወትበታል። ስለዚህ ጣቢያው ላይ የተመደበ ሰው ሄዶ መለኪያውን በዓይኑ አይቶ ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ይጫናል። ካርዱ «ተረጋግጧል» የሚለው ያኔ ነው። ሰው ካልተጫነው አይልም። ዝናቡ ሲበዛ ካርዱ ወደ ቢጫ፣ አደጋ ሲሆን ወደ ቀይ ይለወጣል።

በዚያው ወረቀት «ኮዱ ውስጥ ሦስት ጣቢያ አለ» ብለሻል። የምታዪው ሁለት ነው፤ ወንዝ ዳርና ማጠቢያ። ቡና ማጠቢያው ላይ ዘበኛው ተረፈ አሁንም ይጫናል ብዬ አስባለሁ። ሦስተኛው ጫካ ጫፍ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ዳገቱ ሲናድ አብሮ ሄዷል። አሁን የለም።

ሰላምታሽን ተቀብያለሁ።

ሸዋንግዛው

•

ቴፒ፣ ሐምሌ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ሸዋንግዛው፤

እንደምን አሉልኝ? ፍላሹ በሰላም ደርሷል፤ እግዜር ይስጥልኝ። አባቴ ሰላምታዎን ሲሰማ «እሱ ልጅ እንዴት ነው? ይስቃል?» አለኝ። በደብዳቤ መሆኑን ነገርኩት።

እንዳሉኝ ሁሉንም አደረግሁ። ኖዱ ተጫነ፣ ፓኬጆቹም ገቡ። ገጹን ላስነሣ ስል ግን «ፖርቱ ተይዟል» አለኝ። ያንን የገጹን መውጫ በር የያዘ ፕሮግራም ብፈልግ አንድም የለም። ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁት፤ አሁንም ተይዟል። በመጨረሻ በሌላ ፖርት አስነሣሁት።

ከዚያ ብራውዘሩ ቀይ ጽሑፍ አወጣ። የካርዱ ስም ቀድሞ ተመዝግቧል፣ ዳግመኛ ማስመዝገብ አይቻልም ይላል። እኔ አንዴ ብቻ ነው ያስመዘገብኩት። ለሙከራ ስሙን ለወጥኩት። አሁን ያወጣሁትን፣ ማንም የማያውቀውን ስም፣ እሱንም ቀድሞ ተመዝግቧል አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞዎት ያውቃል?

ካርዶቹ ግን ይታያሉ። ወንዝ ዳር አለ፣ ማጠቢያ አለ። ከሥራቸው ደግሞ ጫካ ጫፍ አለ። ቁጥር ያሳያል፤ ተረጋግጧልም ይላል።

የለም ስላሉኝ ነው የምጽፍልዎ። ምናልባት የተሳሳትኩት ነገር ካለ ይንገሩኝ።

ሐያት

•

ሚዛን ተፈሪ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሐያት፤

አልተሳሳትሽም። እንዲህ ያለው ስህተት የሚመጣው አንድ ኮድ ሁለት ቦታ ሲቀመጥና ብራውዘሩ ሁለቱንም ሲያነብ ነው። አንደኛው ስሙን ይይዛል፤ ሁለተኛው ሲመጣ «ተይዟል» ይባላል። የሆነ ቦታ የቆየ ቅጂ አለሽ። ጫካ ጫፍ የሚያሳየው እሱ ነው፤ ቁጥሩም የድሮ ቁጥር ነው።

ብራውዘሩ ያስቀመጠውን በሙሉ አጽጂ። ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ፈትሺ። የካርዱ ኮድ ያለበት ፋይል ከአንድ በላይ ከተገኘ ትርፉን ሰርዢ። ከዚያ የአንቴናውን ገመድ ከላፕቶፑ ንቀዪው። ገመዱ ተነቅሎ ጫካ ጫፍ ከቀጠለ የድሮ ቁጥር መሆኑን ታረጋግጫለሽ።

ይህን ለአቶ ቲቶ ባትነግሪው እወዳለሁ፤ ለዳገት ሰፈር ሰዎችም። ሰው ያላለቀሰውን ነገር ቀስቅሶ መተው ጥሩ አይደለም። ቃሌ ከከረረ ይቅርታ አድርጊልኝ። ከቴፒ ከወጣሁ ወዲህ ስለዚያ ጣቢያ ከማንም ጋር አውርቼ አላውቅም።

ሸዋንግዛው

•

ቴፒ፣ ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ሸዋንግዛው፤

በመጀመሪያ ይቅርታዎን እለምናለሁ። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ባለቤትዎን ሰላም ይበሉልኝ ብዬ ጽፌ ነበር። አላወቅሁም ነበር። ያን ክረምት ጅማ ነበርኩ። ጫካ ጫፍ ላይ ማን ይሠራ እንደነበር አባቴን ስጠይቀው ሚስማር መመዘኑን ትቶ ተቀመጠ። «ንጋቷ ናታ! የሸዋንግዛው ሚስት። መለኪያውን ልይ ብላ እንደወጣች ዳገቱ ወሰዳት። ስንት ቀን ቆፈርን፤ አላገኘናትም። ሸዋንግዛውም ለቅሶ አልቀመጥም አለ። ‹ጠፋች እንጂ ሞተች አላልኩም› ብሎ ከተማውን ለቀቀ» አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት መጻፍ ድፍረት ነው። ግን እንዳላወቀ ሰው ሆኜ መጻፍ ደግሞ ከዚያ የባሰ መሰለኝ።

ያዘዙኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ብራውዘሩን አጸዳሁ፤ ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። የካርዱ ኮድ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። የአንቴናውን ገመድ ስነቅለው ጫካ ጫፍ ቆመ። ወንዝ ዳርም ማጠቢያም ቆሙ። መልሼ ስሰካው ሦስቱም መጡ። ጫካ ጫፍ ላይ የነበረው ሰዓት የዚያው ቀን፣ የዚያው ደቂቃ ነበር።

የድሮ ቁጥር አይደለም ጋሼ። ይጨምራል። ሰሞኑን ቴፒ ፀሐይ ናት፤ ወንዝ ዳርና ማጠቢያ ከባዶ ብዙም አይርቁም። ጫካ ጫፍ ግን ከቀን ወደ ቀን ይወጣል። ካርዱ ዛሬ ወደ ቢጫ ተለውጧል።

ማጠቢያው ድረስ ሄጄ ተረፈን፣ ከላይ ዝናብ አለ ወይ አልኩት። ወደ ዳገቱ ቀና ብሎ «ዝናብ አላየሁም፤ ግን ምንጩ ደፍርሷል» አለ። ጣቢያው የነበረበት ጋ ሰው ይወጣል ወይ ስለው፣ መንገድ የለውም፣ ገደል ነው አለኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ምን እንደሆነ አላወቅሁትም። ተረፈ ቁልፉን ሲጫን ላፕቶፔ ላይ አንድ ምልክት ይመጣል። ከጫካ ጫፍ የሚመጣው ግን ሁልጊዜ ሁለት ነው። አንዱ ይመጣል፤ ትንሽ ይቆይና ሌላው። በኮዱ ውስጥ ይህን የሚያደርግ ነገር ፈልጌ አጣሁ።

ቢሮው ውስጥ ብቻዬን መቀመጥ ትቻለሁ። ላፕቶፑን ሱቅ ወስጄ አባቴ አጠገብ እንዳልሠራ አንቴናው እዚህ ነው። በሩን ከፍቼ እሠራለሁ።

ሐያት

•

ሚዛን ተፈሪ፣ ሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሐያት፤

ባየ ሞተሩን ሳያጠፋ እየጠበቀኝ ስለሆነ ሰላምታውን ይቅር በይኝ።

ሁለቴ ነው ያልሽው? ቆይቶ?

ጫካ ጫፍ ላይ የነበረው ቁልፍ ጠንካራ ነበር። ንጋቷ አንዴ ስትጫነው አታምነውም ነበር። ትጠብቅና ትደግመዋለች። «ባትሪ ትጨርሻለሽ» እያልኩ ስንት ጊዜ ተጣላኋት። ይህን የማውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን። ኮዱ ውስጥ አልጻፍኩትም። ለማንም አልነገርኩም።

ከአሁን በኋላ ስህተቱን አትፈልጊ። ምንም አትሰርዢ፤ ላፕቶፑንም አታጥፊ። ያን ጊዜ ካርዱ ወደ ቀይ ከተለወጠ በኋላ ዳገቱ ግማሽ ቀን እንኳ አልቆየም። ቀይ ካየሽ ዳገት ሰፈር ውጪና ሰዎቹን አስነሺ። የቲቶን ፈቃድ አትጠብቂ። ከብት ልፈልግ፣ ቡና ልሸፍን የሚል ካለ አትስሚው። ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን፣ ትምህርት ቤቱ ወዳለበት ጉብታ አውጫቸው።

ምንም ሳይሆን ቢቀር «ሸዋንግዛው አብዷል፣ እሱ ነው ያዘዘኝ» በያቸው። ያምኑሻል።

ሸ.

•

ቴፒ፣ ሐምሌ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ሸዋንግዛው፤

በየቀኑ ባየን እየጠየቁ እንደሚያስጨንቁት ሰምቻለሁ። አለመጻፌ ከንቀት አይደለም፤ ጀምሬ እየቀደድኩት ነው።

ሰው አልሞተም። ይህን አስቀድሜ ልንገርዎ። አንድም ሰው አልሞተም።

ካርዱ ቀይ የሆነው ቅዳሜ ገበያው እንደሞቀ ነው። አቶ ቲቶን ቢሮ ውስጥ አገኘኋቸውና አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩና «ይሄ ጣቢያ የለም። የሌለ ጣቢያ ተናገረ ብለሽ ሰው ልታፈናቅዪ ነው?» አሉ። «ተሳስቼ ከሆነ ከሥራ ያባርሩኝ» ብዬ ወጣሁ። ባጃጁ መንገዱ እስከሚያልቅበት አደረሰኝ፤ ከዚያ በእግሬ ነው።

ክርክር ይኖራል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ልጆች ውጭ ይጫወታሉ። ምን ብዬ እንደምጀምር እንኳ አላውቅም። ግን ሰዎቹ እኔ ካሰብኩት በላይ ቶሎ ተነሡ። የምሥራች የምትባል አራስ ልጇን አዝላ ከፊት ከፊት ትሄድ ነበር። ሽማግሌዎቹን ወጣቶች ተሸከሟቸው። ትምህርት ቤቱ ግቢ ተቀምጠን ብዙ ጠበቅን። አንዳንዱ ማጉረምረም ጀመረ፤ አንድ ሰውዬ በጉን ሊያመጣ ሊመለስ ሲል ሁለት ሰው ያዘው።

ከዚያ ወፎቹ ጫካውን ለቀው ወጡ። ዛፎቹ እንደቆሙ፣ ሳይወድቁ፣ ወደ ሰፈሩ መውረድ ጀመሩ። ሌላውን መጻፍ አልችልም። ሲረጋ ዳገት ሰፈር አልነበረም።

ቢሮ ስመለስ ላፕቶፑ እንደተከፈተ ነው። ጫካ ጫፍ ባዶ ሆኗል። ፖርቱም ተለቋል፤ ቀዩ ጽሑፍም የለም። አቶ ቲቶ በሩ ላይ ቆመው ነበር። እጄን ያዙኝና አለቀሱ።

ጋሼ፣ ሌላም ነገር አለ። ማክሰኞ ዕለት ዕቃቸውን ሊፈልጉ የወጡት ሰዎች አፈሩ የተገለበጠበት ቦታ አንድ ነገር አግኝተዋል። በደብዳቤ የሚባል አይደለም፤ እኔም ልለው የሚገባኝ ሰው አይደለሁም። ይህን ወረቀት ባየ ብቻውን አያመጣልዎትም። አባቴ አለ፣ ከቤተ ክርስቲያናችሁ ቄሱ አሉ፣ ተረፈም አለ። ማልደው ነው የሚደርሱት። በር ላይ አያቁሟቸው። ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ እርስዎም ይቀመጡ። ሱቅዎን ጎረቤት ይዝጋልዎት።

እኛ ቴፒ እንጠብቅዎታለን።

ሐያት

•

ሚዛን ተፈሪ፣ ነሐሴ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐያት፤

እንዴት ነሽ? ወደ ሚዛን በደህና ገብቻለሁ። ኔትወርኩ እንደተመለሰ አውቃለሁ። ስልክ ልደውልልሽ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ካንቺ ጋር በወረቀት ለምጃለሁ።

ለእናትሽ እንዴት አድርጌ እንደማመሰግናት አላውቅም። ድንኳኑ እስኪነሣ ድረስ የለቀስተኛውን ምግብ ከቤቷ ስታመላልስ ነበር። አባትሽና የመስጊዱ ሰዎች መቃብሩን ሲቆፍሩ አይቻለሁ። ቄሱ ፍትሐት ሲያደርጉ የዳገት ሰፈር ሰዎች በሙሉ ቆመው ነበር፤ ቤት እንኳ የሌላቸው ሰዎች። አባትሽ ከቄሱ ጋር ደጄ ላይ ቆሞ ባየሁት ጊዜ ገና ሳይቀመጥ ገብቶኛል። ሁለት ዓመት የያዝኩት ነገር ያኔ ወጣ። ጮኼ አለቀስኩ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ ብልሽ ታምኛለሽ? በዚያ ሁሉ ሰው መሐል።

አንቺ ለቅሶ ላይ ልትጠይቂኝ ፈልገሽ የተውሽው ነገር እንዳለ አውቄያለሁ። ልመልስልሽ። አዎ፣ ቁልፉ ያለበት የጫካ ጫፍ ሳጥን ተገኝቷል፤ ከንጋቷ አጠገብ ነበር። ተረፈና እኔ ከፍተን አየነው። ባትሪ የለውም። ባትሪው ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ አፉ ታስሮ። ቻርጅ ልታስደርገው አውጥታው ወደ ቤት እየመጣች ነበር ማለት ነው። ያ ሳጥን ከዚያን ቀን ጀምሮ ባትሪ አልነበረውም።

ስለ ሁለተኛው ቅጂም ጠይቀሻል። እዚህ እንደደረስኩ ፍላሹን የሞላሁበትን ኮምፒውተር ከፍቼ ፈተሽኩ። የላክሁልሽ አንድ ቅጂ ነው። ጫካ ጫፍንም ከእሱ ውስጥ ራሴ አጥፍቼው ነበር። ፍላሹን የሞላሁ ዕለት ስሙን ማየት ስላቃተኝ መጀመሪያ ያጠፋሁት እሱን ነው። ካርዱ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ባለሙያ ነኝ ብዬ የምነግርሽ ነገር የለኝም።

አሁን የምጽፍልሽ ለአንድ ነገር ነው። ቀብሩ ዕለት ሰው ሲበተን የምሥራች ልጇን አዝላ ወደ እኔ መጣች። እጄን ሳመችና እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ያቺ ከሐያት ቀድማ የመጣችው ልጅ ደህና ናት? ለቅሶው ላይ ፈለግኋት፤ አጣኋት።»

«የቷ ልጅ?» አልኳት።

«ያቺ ከቢሯችሁ የመጣችዋ። አምና አግብቼ ስለመጣሁ ስሟን አላውቅም። ጠዋት ጀምራ በየቤቱ ስትዞር የነበረችው። ‹ልጅሽን እዘዪና ተዘጋጂ፣ የሚወስዳችሁ ሰው እየመጣ ነው› ብላ እኮ ነው ያስነሣችን። ልብሷ በውሃ ርሶ ነበር፤ ግቢና ድረቂ ብላት ገና ብዙ ቤት አለብኝ አለችኝ። በሩ ሲንኳኳ እንዳልሰማሁ መስሏት ይሁን እንጃ፣ አንኳኩታ ዝም ትልና ደግማ ታንኳኳለች።»

ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። ደህና ናት ያልኳት ይመስለኛል።

ሐያት፣ ያን ቀን ከአንቺ ቀድሞ ዳገት ሰፈር እንዲሄድ የላክሽው ሰው ካለ ስሟን ጻፊልኝ። ሄጄ ላመሰግናት እፈልጋለሁ። ማንንም ያልላክሽ ከሆነ ግን ለዚህ ደብዳቤ መልስ አትስጪኝ።

ሸዋንግዛው